የደብረ ዘይት ሰማይ

አገር ሁሉ የየራሱ ሰዓት ነጋሪ አለው። ባላገሩ በዶሮ ጩኸት ይነሣል፤ አጥቢያው በደወል ይሰበሰባል፤ ድሬዳዋም በደጉ ዘመኗ ቀኗን የምትቆጥረው በባቡር ፉጨት ነበር ይባላል። የደብረ ዘይት ሰው ግን ሰዓቱን የሚያውቀው ወደ ላይ አንጋጥጦ ነው። ጄት ከተነሣ ነግቷል፤ ሁለተኛው ከተከተለ ገና ቁርስ ላይ ያለ ሰው ረፍዶበታል፤ ሰማዩ ጸጥ ካለ ደግሞ ወይ እሑድ ነው፣ ወይ ዝናብ መጥቷል፣ ወይ የሆነ ነገር ሆኗል። ይህችን ሦስተኛዋን «ወይ» ትልልቆቹ ሰዎች አይወዷትም። ለምን እንደማይወዷት ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከተማዋ ዛሬ በጥንት ስሟ ቢሾፍቱ ተብላለች። እኔ አፌን የፈታሁት «ደብረ ዘይት» እያልኩ ስለሆነ ሁለቱን ስሞች ሳቀያይር አንባቢ አይደናገር። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወረድ ብሎ ያለች ከተማ ናት። እንግዳ ሲመጣብን የምናሳየው ሐይቆቻችንን ነው፤ ሆራን፣ ቢሾፍቱን፣ ባቦጋያን፣ ኩሪፍቱን። የጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተዋቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኛ ውሃ ነው። በእሬቻ ሰሞን ሆራ አርሰዴ ዳር የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ አይረሳውም። «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዘር በ1998 ዓ.ም. ለገበሬው የወጣው ከእኛው ከተማ የምርምር ማዕከል ነው። የከብት ክትባት የሚቀመመውም እዚሁ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን «ደብረ ዘይት» ሲባል ያገሬ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ አየር ኃይልን። ሐረር ሜዳን።

እኔም የሐረር ሜዳ ልጅ ነኝ። አባቴ አብራሪ አልነበረም። አብራሪማ ቢሆን ኖሮ ግድግዳችን ላይ የራስ ቁር ታቅፎ የተነሣው ፎቶግራፍ ይሰቀል ነበር። አባቴ መካኒክ ነበር፤ ከ1962 እስከ 1983 ዓ.ም. ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በጄት ሆድ ሥር በጀርባው ተኝቶ የኖረ ሰው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ባሻ» ይለዋል። የአየር ኃይላችን ታሪክ ሲነገር ከላይ የበረሩት ይነሣሉ፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ታሪኩን የተማርኩት ከታች፣ ዘይት ከሚንጠባጠብበት በኩል ነው። ይህም ጽሑፍ ከዚያ በኩል የታየ መሆኑን ከወዲሁ ልናገር።

* * *

መቼም አውሮፕላንና ኢትዮጵያ የተዋወቁት በሐረር ሜዳ አይደለም። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ከፈረንሳይ የተገዛችው ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ ስትደርስ፣ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ንጉሥ ተፈሪ ገና ዘውድ አልጫኑም ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የተባሉ ኢትዮጵያውያን መብረር ቻሉ። ጣሊያን ሲመጣ ያቺ ትንሽ ክፍል እጅግ ጥቂት አውሮፕላኖች ነበሯት፤ ለውጊያ የሚሆን ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። አዛዥ ሆኖ ያገለገለው ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን፣ በእነዚያ አሮጌ አውሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት ሲያመላልስ ነው ጦርነቱን ያሳለፈው። ይህ ሰው ከጦርነቱ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቶ ወጣቶች አሠልጥኗል። መጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ እዚሁ ሞተ። አፈሩም የእኛ አፈር ሆነ።

ያ የ1928 ዓ.ም. ጦርነት ላገራችን ያስተማረው አንድ መራራ ትምህርት አለ። መርዝ ከሰማይ ሲዘንብ ጀግንነት ብቻውን አይመክትም። ጎራዴውን መዝዞ፣ ጦሩን ሰብቆ ሽቅብ የሚያይ ሰው ምን ይሆናል? ያን ሽቅብ የማየት ውርደት የቀመሱ ሰዎች ናቸው ነፃነት ሲመለስ «የራሳችን ሰማይ ይኑረን» ያሉት። እንግዲህ የሐረር ሜዳ መሠረት ሲሚንቶ ብቻ አይደለም። ሥሩ ላይ ያ ውርደት አለ።

ቦታዋ ለምን ቢሾፍቱ ሆነች ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አባቴ የሚሰጣችሁ መልስ የመካኒክ መልስ ነው። አየር ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል። በሳሳ አየር ውስጥ ክንፍ የሚደገፍበት ያንሰዋል፤ ሞተርም የሚተነፍሰው ያጥረዋል። ስለዚህ አንድ አውሮፕላን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያስፈልገው መንደርደሪያ ይልቅ ደጋ ላይ እጅግ የረዘመ ይሻል፤ ያለበለዚያ ወይ ነዳጁን ወይ ጭነቱን መቀነስ ግድ ይሆናል። የቢሾፍቱ ሜዳ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከአዲስ አበባ ጋር ሲተያይ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ሜዳው ሰፊ፣ ዋና ከተማውም ቅርብ ነው። «ለሰው 400 ሜትር ምንም አይደለም፤ ለሞተር ግን ትንፋሽ ነው» ይላል አባቴ።

ሜዳውን ወደ አየር ኃይልነት የለወጡት ስዊድኖች ናቸው። መሪያቸው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ይባላል። ይህ ሰው በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ ሲያነሣ የነበረ ነው። ከ1938 ዓ.ም. በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ አስጠርተውት ለአሥር ዓመት ያህል አየር ኃይላችንን ሲያቋቁም ቆየ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. «ሳፊር» የተባለችውን ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አስነሥቶ፣ የትም ሳያርፍ ከ30 ሰዓት በላይ በርሮ አዲስ አበባ አሳረፋት። ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው! ሳፊሮቹ ለተማሪ፣ ሳብ 17 የተባሉት ቦምብ ጣዮች ለጦር ሥራ መጡ። በዚያን ጊዜ ሐረር ሜዳ የገባ ወጣት በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይማር ነበር፤ መብረርንና በደቂቃ መኖርን። ፀሐይ አይቶ ሰዓት የሚገምት ልጅ በድንገት «ስምንት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ» የሚባል ነገር ሲገጥመው ይታያችሁ።

ካውንቱ ከዚያ በኋላ የኖረው ሕይወት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል። በቢያፍራ ጦርነት ጊዜ ትንንሽ አውሮፕላኖች አስታጥቆ ተዋጋ። በእኛ የ1966 ዓ.ም. ረሃብ ደግሞ መኪና ለማይደርስበት ሕዝብ እህል ከአውሮፕላን ጣለ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የሶማሊያ ጥቃት ሲደርስ ተገደለ። በአንድ ሰው እጅ ቦምብም እህልም ከሰማይ ወርዷል። የአውሮፕላን ነገር እንዲህ ነው። ሆዱ የጫኑትን ይቀበላል፤ ምን እንደሆነ አይጠይቅም።

* * *

ከስዊድኖች ቀጥለው አሜሪካኖች መጡ። ኤፍ-86 ጄቶች በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ኤፍ-5 ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ገቡ። የከተማዋ መልክም ተለወጠ። ሱሪያቸውን እንደ ቢላ ስለት የተኮሱ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ እንግሊዝኛውን በአፍንጫቸው የሚናገሩ መኮንኖች መንገዱን ሞሉት። እናቴ እንደምትለው በዚያ ዘመን የደብረ ዘይት ልጃገረድ ማዕረግ በሩቁ ትለይ ነበር። በ1954 ዓ.ም. አራት የእኛ ኤፍ-86ዎች በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ኮንጎ ዘመቱ። የስዊድንም ጄቶች በዚያው ዘመቻ ነበሩ። አስተማሪና ተማሪ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ እኩል ሆነው በሰው አገር ሰማይ ላይ ተገናኙ። ይህን ሳነብ ደስ ይለኛል። ኩራትን ለምን እደብቃለሁ?

ኩራቱ ግን ሁሌም ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሣ፣ በጄኔራል አሰፋ አየነ የሚታዘዘው አየር ኃይል ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ቆመ። ጄቶቹ ከሐረር ሜዳ ተነሥተው በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ዝቅ ብለው በረሩ። ነገሩ በቀናት ውስጥ አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥልጣን የሚፈልግም ሥልጣን የያዘም አንድ ነገር ተረዳ፤ የቤተ መንግሥቱ አንዱ ቁልፍ ያለው 45 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ደግሞ ያው ሠፈር በተራው አደመ። የበታች ሹማምንቱና ባለሙያዎቹ ስለ ደመወዝና ስለ ኑሮ አንስተው አለቆቻቸውን አገቱ። አባቴ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበር። «ሳሙና ጠየቅን፤ መንግሥት ወደቀ» ይላል እየሳቀ። ሳቁ ግን ሩቅ አይሄድም። ያን የታኅሣሥ ግርግር ያከሸፉት ሌተና ጄኔራል አሰፋ አየነ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከረሸናቸው ባለ ሥልጣናት አንዱ ነበሩ።

ከዚያ ሐምሌ 1969 መጣ። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ አገሪቱ እግሯ ተይዞ ነበር። አሜሪካ ፊቷን አዙራለች፤ መለዋወጫ የለም፤ ሰሜኑ ይነዳል። የሶማሊያ አየር ኃይል በሶቪየት ሚግ-17ና ሚግ-21 የታጠቀ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ከሐረር ሜዳ የወጡት የኤፍ-5 አብራሪዎች የሠሩትን ሥራ የዓለም የአየር ውጊያ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይጽፉታል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የኦጋዴን ሰማይ የኢትዮጵያ ሆነ። በርካታ የጠላት ጄቶችን የጣለው ለገሠ ተፈራ በኋላ ራሱ ተመትቶ ወደቀና ሶማሊያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ታሰረ። የተፈታው በ1980 ዓ.ም. ነው። አሥራ አንድ ዓመት! አንድ ልጅ ተወልዶ አምስተኛ ክፍል የሚደርስበት ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ ሀንጋር ውስጥ የነበረውን ግን ማን ጻፈው? አንዱን ጄት ለማስነሣት ከሌላው ሲነቅሉ፣ ሌሊት በእጅ ባትሪ ሲፈቱና ሲያስሩ ያደሩትን? አባቴ ስለዚያ ሰሞን ሲናገር ስለ ድል አያወራም። ስለ ጎማ ያወራል። ያለቀ ጎማ፣ የተላጠ ጎማ፣ «አንድ ማረፍ ብቻ የቀረው» ጎማ። አብራሪው ሲመለስ ከሩቅ ቆጥረው፣ ከሄዱት አንዱ ሲጎድል መሬት መሬቱን ያዩ ነበር አሉ። የሚወርድለት መሰላል ተዘጋጅቶ ባለቤቱ ያልመጣበት ቀን አለ።

እግዚአብሔር ሲስቅ ደግሞ እንዲህ ነው። ሚግ ሲጥሉ የከረሙት ሰዎች፣ ዓመቱ ሳይዞር ሚግ ተሰጣቸው። ሶቪየቶች ሶማሊያን ትተው ወደ እኛ ዞሩ፤ የጠላት አውሮፕላን የእኛ አውሮፕላን ሆነ። አባቴ ቤት እስከ ዛሬ ሁለት የመሣሪያ ሣጥኖች አሉ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። በቀዩ ውስጥ ያሉት ቁልፎች በኢንች የተለኩ ናቸው፤ የአሜሪካ ብሎን ይፈታሉ። በአረንጓዴው ያሉት በሚሊ ሜትር ናቸው፤ የሩሲያ ብሎን ይፈታሉ። የአንዱ ቁልፍ ለሌላው ሊገጥም ትንሽ ይቀረዋል፤ ያቺ ትንሽ ግን የብሎኑን ጥርስ ትበላለች። የአብዮቱን ታሪክ ብዙ ሰው በመጽሐፍ አንብቧል። እኔ በሁለት ሣጥን አይቼዋለሁ።

* * *

አባቴ ሌላም ልማድ አለው። ግቢያችን ውስጥ ሲሄድ ጎንበስ እያለ ጠጠርና ምስማር ይለቅማል። ልጅ ሆኜ የዕድሜ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ የሥራ ነገር ነው። የጄት ሞተር አየር ሲስብ ፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። አንዲት ጠጠር ገብታ የሞተሩን ስለቶች ትሰብራለች። ስለዚህ በየማለዳው ሰልፍ ሠርተው፣ ትከሻ ለትከሻ ሆነው መንደርደሪያውን እየተራመዱ ጠጠር ይለቅማሉ። ሻምበል አይል፣ ተራ አይል፣ ሁሉም አጎንብሶ። ያ ሁሉ ጉልበት፣ ያ ሁሉ ሚሊዮን ብር በአንዲት ጠጠር እጅ ነው። እኔ በበኩሌ ከሐረር ሜዳ ሥርዓቶች ሁሉ እንደዚህ የሚገርመኝ የለም።

እንግዲህ ስለ ሐውዜን ልናገር። ሳልናገር ባልፍ ይህን ጽሑፍ ባልጀመርኩት ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የገበያ ቀን ነበር። የደርግ አውሮፕላኖች ትግራይ ውስጥ ሐውዜን ከተማ በገበያተኛው ላይ ቦምብ ሲጥሉ ዋሉ። የሞተው ሕዝብ እስከ 2,500 እንደሚደርስ ይነገራል። ሰው ከነሸማው፣ አህያ ከነጭነቱ። ሽቅብ የማየት ውርደት ያልኳችሁ በሃምሳ ዓመት ዞሮ መጣ። አሁን ግን ከላይ ያለው ጣሊያን አይደለም።

የጓሮ ጎረቤታችን የዚያ አገር ሰው ናት። ወታደር አግብታ ደብረ ዘይት የገባች፣ ባሏ ሞቶባት እንጀራ እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። በዚያ ገበያ ታላቅ ወንድሟ ሞቷል። መርዶው የደረሳት ከወራት በኋላ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ጦርነት ነበረና። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሰኔ አጋማሽ ዳቦ ደፍታ፣ ጠላ ጠምቃ ጎረቤት ትጠራለች። እኛ ልጆቹ ለዳቦው ነበር የምንሮጠው። አባቴ አንድም ዓመት አልቀረም። አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ቆብ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና «ነፍስ ይማር» ብሎ ይቀምሳል። በሌላው ቀን የእሷ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ሲቃጠል የሚሠራላት እሱ ነው። ገንዘብ አይቀበላትም። «ባሻ፣ እጅዎ ይባረክ» ትለዋለች። ይህን ስትለው ዓይኑን ከምጣዱ አያነሣም ነበር።

አድጌ፣ ጋዜጠኝነት ተምሬ፣ ሰው መጠየቅ ሥራዬ ሲሆን አባቴን ጠየቅሁት። ቡና ተፈልቶ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«አባባ፣ ያን ቀን የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ሥራዬ ላይ።»

«አውሮፕላኖቹ ከዚህ ነው የተነሡት?»

«ከዚህ አይደለም። ለሰሜኑ ሥራ አሥመራ የሚያድሩ ነበሩ።» ትንሽ ዝም አለ። «ሞተር ግን የሚታደሰው እዚህ ነው። እዚህ ይታያል፣ ይሞከራል፣ ይሄዳል። ተመልሶ ሲመጣ ዘይት የጠጣ ካለ እኛ እናየዋለን። የት ውሎ መጣ ብለን አንጠይቅም።»

«መጠየቅ ይቻል ነበር?»

«አንቺ ልጅ» አለኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «እኔ በሕይወቴ የሠራሁት ሞተር አየር ላይ ቆሞ አያውቅም። በዚህ ስኮራ ኖሬአለሁ። እንግዲህ ጥገናዬ ጥሩ ስለነበረ ነዋ የደረሰው።»

ሌላ ነገር አልጨመረም። እኔም አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲህ ይህችን አረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አገላብጫታለሁ። ጥፋቱ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ያዘዘው አለ፣ የበረረው አለ፣ ቦምቡን የሰቀለው አለ፣ ብሎኑን ያጠበቀው አለ። እየወረዳችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ጥፋቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ እንደ ደጋ አየር። ግን ጨርሶ አይጠፋም። ኦጋዴን ላይ አገር ያዳነው ጥገና እና ሐውዜን የደረሰው ጥገና አንድ እጅ የሠራው ነው። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው እንዴት ይቻላል? አባቴ አላቻለውም። ለዚህ ይመስለኛል በየሰኔው አግዳሚው ጫፍ ላይ የሚቀመጠው።

* * *

ዓመት ሳይሞላ ሰማዩ ጸጥ ያለበት ቀን መጣ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ በኮሎኔል መንግሥቱ ላይ ተነሡ። ሙከራው ከሸፈ። የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ መከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ። ከእሳቸው በፊት አዛዥ የነበሩት፣ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ አየር ኃይሉን የመሩት ሜጀር ጄኔራል ፋንታ በላይ ደግሞ በዚያው ግቢ ተደብቀው ከቆዩ በኋላ ተይዘው እስር ላይ ሳሉ ሞቱ። ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት የፈሰሰባቸው መኮንኖች በአንድ ሰሞን ረገፉ። እናቴ ስለዚያ ሳምንት የምታስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ «ሕፃናት እንኳ አላለቀሱም» ትላለች። ሦስተኛዋ «ወይ» ይህች ናት።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሁሉም ነገር አበቃ። አንዳንዱ አብራሪ ያገኘውን አውሮፕላን አስነሥቶ ጅቡቲ ገባ። የቀረው ሠራዊት ተበተነ። አባቴ ወራት በአንድ ካምፕ ቆይቶ ሲመለስ የአንድ ዓመት ሕፃን ነበርኩና አላወቅሁትም ይባላል፤ አልቅሼበታለሁ አሉ። ደመወዝ የለ፣ ጡረታ የለ። ደብረ ዘይት ያን ጊዜ የጋራዥ ከተማ ሆነች። የጄት ሞተር የሚያውቁ እጆች የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ አሮጌ ላንድሮቨር መጠገን ጀመሩ። አባቴም ቀዩን ሣጥን ለእንግሊዝ መኪና፣ አረንጓዴውን ለጃፓን መኪና አዋለው። ሰው «ባሻ የነካው አይበላሽም» እያለ ይመጣል። እኛ በዚህ አደግን፤ በዚህ ተማርን።

ከዚያ ከኤርትራ ጋር የተደረገው የ1990–1992 ጦርነት መጣና የተጣሉት ሰዎች ተፈለጉ። የቀድሞ አብራሪዎችና ባለሙያዎች በየቤታቸው ተጠርተው ተመለሱ። አባቴንም ጠርተውት ነበር፤ ጀርባው አልፈቀደለትም። በደርግ ጊዜ አንድ ጊዜ ተማርኮ የነበረው ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ተመልሶ በረረና ግንቦት 1990 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ተመትቶ ለሁለተኛ ጊዜ ተማረከ። የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ዓመታት አለፉ። በ1991 ዓ.ም. ሱ-27 የተባሉት አዳዲስ ጄቶች ሲገቡ እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ጄት በትምህርት ቤታችን ላይ ሲያልፍ መምህራችን ጠመኔያቸውን ሰሌዳው ላይ እንዳደረጉ ቀጥ ይላሉ፤ ድምፁ ሲያልፍ ካቋረጡባት ቃል ላይ ይቀጥላሉ። ከሌላ ከተማ የመጣ ልጅ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ እንስቅበት ነበር። የጄት ድምፅ ለምን እንደሚያስፈራ አናውቅማ። በእኛ ሰማይ ላይ ሲያልፍ እንጂ በእኛ ላይ ሲመጣ ሰምተነው አናውቅም።

በ2013 ዓ.ም. ሰሜኑ ዳግመኛ ነደደ። ሰኔ 15 ቀን፣ ልክ ሐውዜን በተመታች በሠላሳ ሦስተኛ ዓመቷ፣ ትግራይ ውስጥ ቶጎጋ በተባለች መንደር ገበያ ላይ የአየር ድብደባ ደረሰ። ሠራዊቱ የመታሁት ታጣቂዎችን ነው አለ። የዓይን እማኞችና ሐኪሞች በደርዘን የሚቆጠሩ ገበያተኞች መሞታቸውን ተናገሩ። በዚያ ሰሞን ትግርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት ጊዜ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ ጎረቤታችን እንደ ልማዷ ዳቦዋን ደፋች። የመጣው ሰው ትንሽ ነው። አባቴ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። እሷም ዳቦውን እየቆረሰች፣ ማንንም ሳታይ፣ «እንግዲህ ዝክሩ የሁለት ገበያ ሆኗል» አለች። አባቴ ቆቡን ከጉልበቱ አንስቶ መሬት ላይ አኖረው።

ዛሬ ደግሞ ሰው አልባው አውሮፕላን መጥቷል። የጄት ያህል አይጮኽም። ሰማዩን በጆሮው የሚያውቀው የከተማችን ሰው አሁን ምን እንደተነሣ፣ ስንት እንደተነሣ፣ ስንት እንደተመለሰ ቆጥሮ አያውቅም። ድሮ ሲሄድ ሰምተነዋልና ሲመለስ እንጠብቀው ነበር። መጠበቅ ደግሞ ማሰብ ነው። የማይሰማ ነገር አያስጠብቅም።

አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ አየር ኃይል አያስፈልግም ልትይ ነው?» ይለኝ ይሆናል። አልልም። የ1928ቱን መርዝ፣ የ1969ን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ሰማዩን ያልጠበቀ አገር መሬቱ የእሱ አይደለም። እኔ የምለው ሌላ ነው። የሐረር ሜዳ ታሪክ ሲጻፍ፣ ሲተረክና ለሰልፍ ሲወጣ ሙሉውን ይሁን። ካውንቱም፣ ኤፍ-5ቱም፣ የጎደለው አብራሪ መሰላልም፣ የሐውዜን ገበያም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይግቡ። የበረሩት ብቻ ሳይሆኑ ጠጠር የለቀሙትም ይጠየቁ፤ እነዚያ ሰዎች ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸውና ጊዜ የለም። መንደርደሪያውን በየማለዳው ጠጠር የሚለቅም ሠራዊት፣ ታሪኩንም እንዲሁ አጎንብሶ ቢለቅም ምን ይጎዳዋል? የተዋጠች ጠጠር ሞተር ትሰብራለች፤ አገርም ሞተር ናት።

በቅርቡ ለአባቴ እነዚያን ሁለት ሣጥኖች ለሙዚየም እንስጣቸው አልኩት። ትውልድ ይያቸው፣ ይማርባቸው ብዬ ብዙ ተናገርኩ። ዝም ብሎ ሰማኝና ተነሥቶ አረንጓዴውን ሣጥን ከፈተው። ቁልፎቹ በየመጠናቸው ተደርድረው፣ ዘይት ተቀብተው ተኝተዋል። አንዱን አነሣና በጨርቅ ወለወለው።

«ሙዚየም ሥራ ላቆመ ነገር ነው» አለኝ። «እነዚህ ገና ይሠራሉ።» ከዚያም ቁልፉን ኪሱ ከቶ በጓሮ በኩል ወጣ። የጎረቤታችን ምጣድ ዳግመኛ ተበላሽቶ ነበር።